ወንዱ አራስ

ሰሞኑን ቁርሴን እየበላሁ ሬዲዮ ስሰማ አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ «ቤታችሁ ሆናችሁ ለፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ጤናችሁን ጠብቁ» እያለች ትመክራለች። ደህና ምግብ ብሉ፤ በደንብ ተኙ፤ ብቻችሁን አትዋሉ፤ ወጣ እያላችሁ ነፋስ ተቀበሉ። የጎረስኩት ትን ብሎኝ ልሞት! ሚስቴ ጀርባዬን እየደበደበች «ምን አሳቀህ?» ትለኛለች። ከየት ጀምሬ ልንገራት? ይህችው ምክር አንድ ጊዜ ጉድ ልትሠራኝ ነበር እኮ። ጤናውን ሳይጠብቅ ቀርቶ ፈተና የወደቀ ሰው ሞልቷል። ጤናው ከልክ በላይ ተጠብቆለት ሊወድቅ የነበረ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መርሳ ነው። መርሳን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ከወልድያ ወደ ደሴ ሲሄድ አውቶቡሱ ቆሞለት፣ በመስኮት ብርቱካን ገዝቶ፣ ስሟን ሳይጠይቅ ልጣጩን ጥሎባት አልፏል። እኔ እዚያው ተወልጄ አደግሁ። ሁለተኛ ደረጃ ግን የተማርኩት ወልድያ ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ፣ እናቴ በአውቶቡስ የምትልክልኝን ስንቅ እየበላሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን ማትሪክ ሲቃረብ «በሉ ቤታችሁ ሄዳችሁ አጥኑ» ተብለን ተለቀቅን። የክፍላችን ኃላፊ መምህርም ሲያሰናብቱን ያችን የሬዲዮዋን ምክር መከሩን። ብሉ፣ ተኙ፣ ብቻችሁን አትዋሉ፣ ነፋስ ተቀበሉ።

የዛሬ ልጆች ማትሪክ ሲባል ፈተና ብቻ ይመስላችኋል። ያኔ ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የወደቀውን ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቀዋል። ምልምሎቹ በመኪና ተጭነው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲያልፉ እናቶች መንገድ ዳር ወጥተው የማንንም ልጅ እንደ ልጃቸው እያዩ ያለቅሱ ነበር። ከሄዱት የተመለሰ ብዙ አላየንም። ስለዚህ እኔ ቤቴ የተመለስኩት ፊዚክስ ላጠና ብቻ አልነበረም። እንዳልወሰድ ላጠና ነው።

እናቴ «መምህሩ ምን አለ?» ብትለኝ ነገርኳት። አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነው፤ መምህር ያለውን ግን ቃዲ ከፈረደው እኩል ያከብራል። «መምህር ካለ አለቀ!» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ልጅ መስኖ አይወርድም፤ ከብትም አያይም። ይብላ፣ ይተኛ፣ ያጥና።» እኔ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ከብርቱካን ሥር ውኃ መገደብና መልቀቅ ለሰለቸው ጎረምሳ ከዚህ በላይ ምን ጀነት አለ?

አንድ ነገር ግን ሁላችንም ረስተን ነበር። መርሳ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ቀኑን ሙሉ ከቤት ካልወጣ ወይ ታሟል፣ ወይ ከምልመላ ተደብቋል። በሁለተኛው ቀን ጎረቤት «ልጁ የት ጠፋ?» ማለት ሲጀምር እናቴ ደነገጠች። «ተደብቋል» የሚል ወሬ ቀበሌ ከደረሰ ማትሪኩ ሳይደርስ ሊወስዱኝ ነው። ስለዚህ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ልጄ እኮ ማትሪክ ይዞት ቤት ውሏል፤ ግቡና እዩት!» ትል ጀመር።

ግቡና እዩት! ወሎ ውስጥ ቤት የዋለን ሰው ግቡና እዩት ከተባለ ባዶ እጁን የሚገባ አለ?

መጀመሪያ የገቡት እትዬ ዘሀራ ናቸው። ቤታቸው ከኛ ቤት አጥር ለአጥር ነው። በሰፈራችን የወለደች ሴት ሁሉ በሳቸው እጅ ያለፈች ናት፤ የሚያዋልዱት እሳቸው፣ ገንፎ የሚያገነፉት እሳቸው፣ አራሷን ቀን ከሌት የሚጠብቋት እሳቸው። እናቴ እኔን ስትወልድም ያው ነው። ደጃፉ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ መምህሩ ምን እንዳሉ ጠየቁ። እናቴ ነገረቻቸው።

«በደንብ ይብላ አለ?»

«አዎን።»

«ይተኛ አለ? ብቻውን አይዋል አለ?»

«አዎን፣ እንደሱ ነው ያለ።»

«ወላሂ ይህማ የአራስ ሕግ ነው!» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ሰው ምን ይባዝናል? ይህን እኔ አውቀው የለም እንዴ? አብሽሪ፣ ለኔ ተይው።»

«ነፋስ ይቀበል ያለው ነገርስ?»

«እሱ ላይ ተሳስቷል» አሉ፤ «ወንድ ስለሆነ ነው።» ብለውም እናቴ የከፈተችውን በር ገርበብ አደረጉት።

በቃ! ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔ አራስ ሆንኩ። እንዳትስቁ። አገራችን ለሰው ጤና መጠበቂያ ብላ አሳምራ ያበጀችው ሥርዓት ቢኖር የአራስ ነው፤ እትዬ ዘሀራ ደግሞ ሥርዓቱን አንዲት ነጥብ ሳያጓድሉ አዋሉብኝ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መሃሉ በቅቤና በበርበሬ የተሞላ ገንፎ ፊቴ ይቀርባል። ያን ጨርሼ መጽሐፍ ስገልጥ አጥሚት ይመጣል። ብርድ እንዳይገባኝ በሁለቱም ጆሮዬ ጥጥ ተወተፈ። ጂን እንዳይቀርበኝ ትራሴ ሥር ካራ ገባ። አናቴ ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል ለጋ ቅቤ ተደረገልኝ፤ ቀለም አንጎል ያደርቃል ተብሎ።

የመርሳን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቅቤው በግንባሬ ይወርድና ፊዚክሱ ላይ ጠብ ይላል። ቅቤ የጠጣ ወረቀት ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። የፊተኛውን ገጽ ሳነብ የኋለኛው አብሮ ይታየኛል፤ የብርሃን ፍጥነት ስፈልግ ከጀርባ ያለው የውኃ ግፊት ገብቶበት አገኘዋለሁ። እስከ ዛሬ ሁለቱን አጥርቼ ለይቻለሁ ብል ውሸት ነው።

ጠያቂውስ! አንዷ እንቁላል ይዛ፣ አንዷ ወተት ይዛ፣ አንዷ ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ ይገባሉ። «እንዴት አደርክ? ዛሬስ ቀለል አለህ?» ይሉኛል። «የኔም ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ እንዲህ አድርጎ ይዞት ነበር፤ አላህ አሻረው» ትላለች አንዷ። እማማ አሰለፈች የሚባሉ ክርስቲያን ጎረቤታችን ደግሞ የሚባለው ቢጠፋቸው እርጉዝን የሚመርቁበትን ምርቃት ለኔ አዋሉት። «ማርያም በሽልም ታውጣህ!» ቤቱ የሞላው እስላም ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሚን!» አለ። ወሎ እንዲህ ነበረች፤ ማን በማን ምርቃት አሚን እንዳለ የሚጠይቅ አልነበረም። ያን አሚን ሳስታውስ ዛሬም ዓይኔ እንባ ያቀራል።

ከሁሉ የባሱት አያ ይመር ናቸው፤ የአባቴ የልብ ወዳጅ። ጫታቸውን ይዘው ከዙሁር ሶላት በኋላ ይመጣሉ፤ መሸት ሳይል አይነሱም። ዱዓ ሲያደርጉ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ያ ረቢ፣ ጥያቄውን አቅልለት! የጎበዙን ወረቀት ፊቱ ዘርጋለት! የፈታኙን ዓይን ያዝለት!» ይላሉ። አሚን! ሁለቱ ኩረጃ መሆናቸውን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

በዚህ ዓይነት ጉንጬ ዓይኔን ሊደፍነው ደረሰ። ገንፎው ያስተኛኛል፤ ስነቃ ጠያቂ አለ፤ ጠያቂ ሲሄድ ገንፎ ይመጣል። ኬሚስትሪ አልተነካም። ሒሳብ ገና ጅምሩ ላይ ነው። ጭንቅ ያዘኝ። አንድ ቀን እትዬ ዘሀራ ዘወር ሲሉ ጠብቄ፣ መጽሐፌን ታቅፌ ወደ አትክልታችን አመለጥኩ። ብርቱካኑ አብቦ ሽታው ነፍስ ይሰርቃል፤ ውኃው ከሥሩ ይንሿሿል። ከዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አንዲት ገጽ፣ አንዲት ብቻ፣ ተረድቼ ጨረስኩ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ሰማሁ።

«ኡኡ! ልጁን ምች ሊመታው ነው! ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ!»

እትዬ ዘሀራ ናቸው፤ ነጠላቸውን አናቴ ላይ ወርውረው፣ ክንዴን ይዘው፣ አገር እያየኝ እየጎተቱ አስገቡኝ። ዳማከሴ አሽተው በአፍንጫዬ አደረጉብኝ፤ ቀጥለው ማንኪያ ሙሉ ገንፎ ወደ አፌ ሰደዱ። እኔም ያን ጊዜ ፈነዳሁ።

«አራስ አይደለሁም! ምንም አልወለድኩም! ኧረ በአላህ ተዉኝ፣ ልወድቅ ነው!»

እትዬ ዘሀራ ማንኪያውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና ወጡ። እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም፤ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሰይድን ረሳኸው?» አለችኝ።

ሰይድ የእትዬ ዘሀራ አንድ ልጅ ነው። ከኔ ቀደም ብሎ ወልድያ ተማረ፤ ለማትሪክም እዚያው ብቻውን ተቀምጦ አጠና። ወደቀ። ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

«ብቻውን ትቼው ነው የወደቀው ትላለች» አለች እናቴ። «በላ አልበላ፣ ተኛ አልተኛ ሳላይለት ነው የወሰዱብኝ ትላለች። አንተን ስትጠብቅ ማንን የምትጠብቅ መሰለህ? እኔስ? ከወደቅህ ምን ይውጠኛል?» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሰይድ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይህን አሁኑኑ ነግሬያችሁ እንለፍ፤ ይመጣል እያላችሁ እንድትጠብቁ አልፈልግም፤ እናቱ የጠበቁት ይበቃል።

አጥሩን ዞሬ እትዬ ዘሀራ ቤት ሄድኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልል ነበር የሄድኩት፤ አፌ ግን ሌላ አወጣ።

«እትዬ፣ ራበኝ» አልኳቸው።

እንዴት ብድግ እንዳሉ! ያን ዕለት የበላሁትን ያህል በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ላባርራቸው የማልችል ከሆነ ላስተምራቸው ቆረጥኩ። በእንግሊዝኛ ያነበብኩትን በአማርኛ እየመለስኩ ለጠያቂው ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ። አያ ይመርን ግን ማሳመን ቀላል አይደለም።

«ምድር ነገርን ሁሉ ወደ ራሷ ትስባለች» አልኩ። «ብርቱካን የሚወድቀው ለዚህ ነው።»

«የለም» አሉ አያ ይመር ጫታቸውን በጉንጫቸው ይዘው። «ብርቱካን የሚወድቀው ስለበሰለ ነው። ምድር ከሳበችውማ ጥሬውን ምን ከለከላት? ሴት ልጅ ናት የምታማርጥ?»

አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ብርቱካን ከነቅርንጫፉ አመጣሁ፤ ድንጋይ ወረወርኩ፤ እንቁላል ሰበርኩ። እሳቸው አላመኑም፤ እኔ ግን ሳላውቀው ምዕራፉን ጨረስኩ። ባዮሎጂ ላይ ስለ ፅንስ የሚያወራው ጋ ስደርስ ዘልዬ ላልፍ ብል እትዬ ዘሀራ «ምነው ገጹን ደርበህ ገለጥክ?» ብለው ያዙኝ። ላቤን እያንጠፈጠፍኩ አስረዳሁ። ሴቶቹ በነጠላቸው ተሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ፤ አባቴ ከብት ያየ መስሎ ወጣ። እትዬ ዘሀራ እስከ መጨረሻው ሰምተው ፈረዱ። «ደህና ይዞታል። ምጡን ግን አቅልሎታል፤ የጻፈው ወንድ ነው።»

አንድ ቀን የፈተናውን ዓይነት ነገርኳቸው፤ ለአንድ ጥያቄ አራት መልስ ተደርድሮ አንዱን መምረጥ እንደሆነ።

«ትክክሉ ስንቱ ነው?» አሉ አያ ይመር።

«አንዱ።»

«ሦስቱስ?»

«ውሸት ነው።»

«ጥያቄውን የሚያወጣው መንግሥት ነው አላልክም? አንድ እውነት ለመናገር ሦስት ጊዜ ይዋሻል በለኛ!»

«አያ ይመር! በአላህ ዝም ይበሉ!» ብላ እናቴ በሩን ዘጋችው። አባቴ የሳቀው ሳቅ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዳይሰማ ትራስ አፉ ላይ ተደረገበት።

የፈተናው ዋዜማ ደረሰና ወደ ወልድያ ልሄድ አውቶቡስ ስሳፈር እትዬ ዘሀራ ቀድመውኝ ተሳፍረው አገኘኋቸው። «አራስ ብቻውን መንገድ አይወጣም» አሉ፤ ነገሩ አለቀ። ወልድያ እስክንደርስ አውቶቡሱ ሁሉ ማትሪክ እንደያዘኝ ሰምቶ መርቆኛል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ፈተናው ስገባ፣ በር ላይ አንድ ከሌላ አገር የመጣ ፈታኝ እየፈተሸ ያስገባል። ከኔ በፊት ያሉት አለፉ። እኔ ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ነፋ አደረገ፤ ቅቤው ነው። ቀጥሎ ጆሮዬን አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጥጥ ነው፣ ጓድ።»

«ለምንድን ነው?»

«ብርድ እንዳይገባኝ።»

ሰውየው ከሙቀቱ የተነሳ ኮቱን አውልቆ ቆሟል። ጥጡን አውጥቶ ፈለቀቀው፤ የተጻፈበት ነገር ፈለገ። ከዚያ ኪሴን ዳበሰና የትራሴን ሥር ካራ መዘዘ። እኔም ያን ጊዜ ነው ካራው መምጣቱን ያወቅሁት! ተማሪው ሁሉ ከኋላዬ ሸሸ።

«ውጣ!» አለኝ። «ካራ ይዘህ ፈተና? ና ውጣ፣ ጥበቃ!»

መኪናው፣ ሰሜኑ፣ የእናቴ እንባ ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ዞር ስል እትዬ ዘሀራ ዘበኛውን ገፍተው ግቢውን ሲያቋርጡ አየሁ።

«ልጄ፣ እሱን አትቆጣው» አሉት። «ጥጡንም ያደረግሁለት እኔ ነኝ፤ ካራውንም ኪሱ የከተትኩት እኔ ነኝ። አራስ ያለ ብረት አይወጣም።»

«ምን? አራስ?»

«አዎን፣ አራስ። ማትሪክ ይዞት ቤት የከረመ ነው።»

ፈታኙ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። «እናቴ፣ ሕግ አለ» አለ።

«ሕግማ አክብሬ ነበር። የራሴን ልጅ እዚሁ ላክሁትና እኔ ቤቴ ተቀመጥኩ። ብቻውን አጠና፣ ብቻውን ተፈተነ፣ ወደቀ። ወሰዱት። ይኑር ይሙት የሚነግረኝ የለም። ይህንንም ካስወጣኸው ይወስዱታል። እንግዲያው እኔንም አብረህ ላከኝ፤ ደግሞ ቤቴ ተቀምጬ መጠበቅ አልችልም።»

ሰውየው ካራውን በሁለት እጁ ለሳቸው ሰጣቸውና «ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡ፣ እናቴ» አላቸው። ጥጡን ለኔ መለሰልኝ። «አድርገው። ጫጫታው አይረብሽህም።»

ገባሁ። ጥያቄው ተሰጠ። ያነበብኩትን ሳይሆን የተከራከርኩትን ሁሉ እያስታወስኩ ሠራሁ፤ መልሱ ሲጠፋኝ አያ ይመር ምን ይላሉ ብዬ አስብና የሳቸውን ተቃራኒ አጠቁራለሁ። በመስኮት ቀና ስል እትዬ ዘሀራ ከዛፉ ሥር ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ ተቀምጠዋል።

ውጤቱ የወጣው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ወልድያ ሄጄ አየሁት፤ ደግሜ አየሁት፤ ሰው ጠርቼ አሳየሁ። መርሳ ስደርስ ዝናቡ ጭቃውን አቡክቶታል፤ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ። እናቴና እትዬ ዘሀራ ደጃፋችን ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እናቴ ፊቴን አይታ ገባት፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ዘሀራ ግን ማለፌን አልጠየቁም፤ ውጤቴንም አልጠየቁም።

«እንግዲህ አይወስዱህም?» አሉኝ።

«አይወስዱኝም፣ እትዬ።»

«ድገመው።»

«አይወስዱኝም!»

ጭቃው መሃል ወጥተው እልልታውን ለቀቁት። ልጅ ሲወለድ የሚያሰሙትን እልልታ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ከየቤቱ ሰው ሮጦ ወጣ። አያ ይመር አንድ እግራቸውን ተጫምተው፣ ሌላውን ባዶውን፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«ማን ወለደ?» አሉ። «ኧረ ማን ነው የወለደ?»

እናቴ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች፣ ዝናቡ ውስጥ እልል የሚሉትን ሴት አሳየቻቸው።

«ዘሀራ ናት» አለች።